ጤና ከአስቤዛው ይጀምራል፦ ደም ግፊትንና ስኳርን በቤት ድስት የመከላከል ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሰው «ደም ግፊት አለብህ» ተብሎ ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ቤት ውስጥ የሚሆነው ይታወቃል። ለእሱ ብቻ በትንሽ ድስት ጨው የሌለው ወጥ ይሠራለታል። አንድ ሁለት ሳምንት እንደምንም ይበላል። ከዚያ ይሰለቸዋል። ሌላው ትሪውን ከቦ እየተጎራረሰ እሱ ለብቻው ለዛ የሌለው ምግብ መብላቱ ሆድ ያስብሰዋል። ሳይቆይ ወደ ትሪው ይመለሳል። ጨውም አብሮ ይመለሳል።

በዚህ መሀል የሚረሳ ነገር አለ። ያ ጨውና ያ ዘይት የቀሩትንም የቤቱን ሰዎች ሲያገኛቸው ነው የኖረው። ሚስቱም፣ ልጆቹም፣ አብራቸው የምትኖረው እህቱም የሚበሉት ከአንድ ድስት ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው፦ የሚለወጠው የቤቱ ድስት ይሁን፤ ለሁሉም። ለውጡም አስቤዛ ሲገዛ ይጀመር።

ይህ ተሞክሮ የተሳካ ነገር ነው። በፊንላንድ ሰሜን ካሬሊያ በሚባል አካባቢ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ጎልማሳ ወንዶች በልብ በሽታ ይሞቱ ነበር። ምግባቸው ቅቤ፣ ቅባቱ ያልወጣ ወተትና ጨው የበዛበት ነበር። ሲጋራም ያጨሱ ነበር። በ1972 ፔካ ፑስካ የሚባል ወጣት ሐኪም የመራው ፕሮጀክት ተጀመረ። ቡድኑ የታመሙትን ብቻ ነጥሎ አላከመም። ከሴቶች ማኅበራት ጋር ሆኖ የአካባቢውን ሁሉ ምግብ ለመቀየር ሠራ። ቅቤው በአትክልት ዘይት ተተካ፤ አትክልት በዛ፤ ጨው ቀነሰ። በ40 ዓመት ገደማ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች ላይ በልብ በሽታ የሚደርሰው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ወረደ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ባጭሩ እንይ። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል። በደም ሥር የሚዞረው ፈሳሽ ይጨምራል። ልብ ጠንክሮ ይገፋል፤ የደም ሥሩ ግድግዳም በጊዜ ብዛት ይደድራል። ጉዳቱ የሚወጣው በአንጎል፣ በልብ፣ በኩላሊትና በዓይን ነው። የስኳር በሽታ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ከሚያስፈልገን በላይ ለዓመታት ስንበላ ስብ በሆድ አካባቢና በጉበት ይከማቻል። ያኔ ሰውነት ኢንሱሊንን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያስገባውን ሆርሞን፣ መስማት ያቆማል። ቆሽት ኢንሱሊን ለማምረት ይለፋል፤ ይለፋል፤ በመጨረሻ ያቅተዋል። ሁለቱም በሽታዎች ለዓመታት ምንም ሳያሳምሙ ይሠራሉ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው እርምጃ ልኬት የሆነው።

ደረጃ 1፦ ቁጥራችሁን እወቁ

ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰ የቤቱ ሰው ሁሉ ግፊቱን ይለካ። «እኔ ምንም አያመኝም» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ጀርባችሁ ይደገፍ፤ እግራችሁን አታጣምሩ። ክንዳችሁ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። መለኪያው በሹራብ ላይ እንዳይታሰር። እየሮጡ ገብተው ወዲያው የተለኩት ግፊት ያሳስታል።

በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት ነው ይባላል። ከ120/80 በታች ጥሩ ነው። በመሀል ያለው ደግሞ ይህን መመሪያ ከማንም በላይ የሚፈልገው ነው፤ ገና በምግብ መመለስ የሚቻልበት ጊዜ ላይ ነውና።

ዕድሜያችሁ 40 ከደረሰ፣ ወይም እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ስኳር ካለባቸው፣ ወይም ሆዳችሁ ወደፊት ከወጣ የደም ስኳርም ተመርመሩ። ጠዋት ምንም ሳትቀምሱ ተለክቶ 126 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም በድጋሚ ለክቶ ያረጋግጣል። ከ100 እስከ 125 ያለው ማስጠንቀቂያ ነው።

ቁጥሮቹን ከነቀናቸው ደብተር ላይ ጻፏቸው።

ደረጃ 2፦ በጨው፣ በዘይትና በስኳር ላይ ቀን ጻፉ

ይህ የመመሪያው ዋና ነገር ነው። ስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል።

በእኛ ቤት አብዛኛው ጨው የሚገባው እኛው ራሳችን ወጥ ውስጥ ስንጨምረው ነው። የታሸገ ምግብ ብዙ በሚበላበት አገር ጨውን መቁጠር አስቸጋሪ ነው። እኛ ግን ከአንድ ፓኬት ስለምንጠቀም በቀላሉ ማወቅ እንችላለን። አዲስ ፓኬት ስትከፍቱ ቀኑን ላዩ ላይ ጻፉ። ሲያልቅ ስንት ቀን እንደቆየ ቁጠሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ማለት ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 25 ግራም ይደርሰዋል። ስለዚህ 1 ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ኢትዮጵያውያን በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ያህል ጨው እንደሚወስዱ ተገምቷል። በዚያ ሂሳብ ያው 1 ኪሎ በ24 ቀን ያልቃል። የእናንተ ቤት በስንት ቀን ይጨርሳል? ትንንሽ ልጆችን ግማሽ ሰው አድርጋችሁ ቁጠሩ። ለዶሮ ማጠቢያ የዋለውን ቀንሱ። ከውጭ የሚገዛው ዳቦ የራሱ ጨው ስላለው ጥቂት ቀን ቢጨመር ደግ ነው።

ዘይትም እንዲሁ ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 30 ግራም ገደማ፣ ጥሩ ጣሪያ ነው። ይህ ብቻውን 270 ካሎሪ ያህል ነው። በዚህ ሂሳብ ለአምስት ሰው 5 ሊትር ዘይት አንድ ወር ሊቆይ ይገባል። ቅቤ የምትጠቀሙ ከሆነ እሱም ከዚሁ ይቆጠር።

በስኳር ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት መስመር አለው። የመጨረሻው ጣሪያ በቀን 50 ግራም ነው፤ የሚመረጠው 25 ግራም ነው። 1 ኪሎ ስኳር አምስት ሰው ላለበት ቤት ከ8 ቀን በታች ካለቀ ከሚመረጠው በላይ ነው ማለት ነው። ውጭ የሚጠጣው ለስላሳ ገና አልተቆጠረም።

እንግዳ የበዛበት ወይም ድግስ የነበረበት ወር ያሳስታል። ሁለት ሦስት ፓኬት እስኪያልቅ ጠብቁና አማካዩን ያዙ።

ደረጃ 3፦ ጨውን ቀስ ብላችሁ አውርዱ

በአንድ ቀን አታጥፉት። ቤቱ ያምፃል። ምላስ ጨው ሲቀንስበት ይለምዳል፤ ግን ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ።

በእጅ መቆንጠጥ ይቅር። የሻይ ማንኪያ ጨው ዕቃው ውስጥ ይቀመጥ። ጨው የሚገባው ወጡ ሊወርድ ሲል ይሁን። መጀመሪያ ከገባ ሰው ኋላ ቀምሶ እንደገና ሊጨምር ይችላል።

ከዚያ የተደበቀውን ጨው ፈልጉ። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሽሮም በብዙ ቤት እንዲሁ። ሚጥሚጣ፣ አዋዜና ዳጣ ጨው አላቸው። ቋንጣም አለው። የሾርባ ኩብ ደግሞ በአብዛኛው ጨው ነው። በርበሬውና ሽሮው ጨው ካለበት ወጡ ላይ ሌላ ሲጨመር ሁለት ጊዜ ተጨመረ ማለት ነው። ቀጣዩን በርበሬ ስታስፈጩ ጨውን ሙሉ በሙሉ ተዉት፤ ወጡ ላይ በማንኪያ ለክቶ መጨመር ይሻላል። ቡና በጨው የሚጠጣበት አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ እሱን አትርሱ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሲፈላ ትንሽ አይደለም።

የጎደለውን ጣዕም የሚሞላው ቅመማችን ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጥቁር አዝሙድ። ሎሚ ደግሞ ትልቅ ረዳት ነው። ጎመን ወይም ጥብስ ላይ መጨረሻ ላይ ጠብ ሲል ጨው ያነሰ መሆኑ ብዙም አይታወቅም። እንጀራችን በአብዛኛው ጨው የሌለው መሆኑም ትልቅ ዕድል ነው። እንደዚያው ይቆይ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ የምትገዙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። እንቅርትን የሚከላከለው እሱ ነው። አሞሌም ሆነ ሮዝ ጨው ያው ጨው ነው፤ ግፊት ላይ ልዩነት የለውም፤ አዮዲንም ብዙውን ጊዜ አይጨመርበትም። ሁለተኛ፣ ፖታሲየም ያለው «ለግፊት የሚሆን ጨው» በአንዳንድ ሱቅ ይሸጣል። ለብዙ ሰው ጠቃሚ ነው። ኩላሊቱ የተጎዳ፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው። ፖታሲየም ከመጠን ሲያልፍ የልብ ምትን ያዛባል።

ደረጃ 4፦ ቁሌቱን በውሃ አቁላሉ

ዘይት የሚባክነው ቁሌት ላይ ነው። ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይቱ ይፈስሳል። ሽንኩርቱ ይጠጣዋል። ደረቀ ተብሎ ይጨመራል። ዘይቱ ወደ ላይ ካልወጣ ወጡ ወጥ አልመሰለም ተብሎ እንደገና ይጨመራል።

እንዲህ ሞክሩት። ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉ። ወፈር ያለ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት አስገቡትና መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ይለቃል። እያማሰላችሁ ውሃው ይምጠጥ። ከታች መያዝ ሲጀምር አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉና ፍቁት። ሲደርቅ እንደገና። ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ እንዲህ ከቆየ ሽንኩርቱ ይቀልጣል፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ሽታው ይጣፍጣል። ዘይቱ የሚገባው አሁን ነው፤ በጠርሙስ አፍ አይፍሰስ፤ በማንኪያ ይለካ። ከዚያ በርበሬው ይግባ። እንዳያር ውሃ ጠብ እያለበት በደንብ ይብሰል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ። መከለሻው መጨረሻ ላይ።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሽንኩርትን ያለ ዘይት ማቁላላት እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

ስለ ዘይት ዓይነትም ላንሳ። ጠዋት ብርድ ሲሆን ጀሪካን ውስጥ የሚረጋው ፓልም ነው። ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ መጥፎ ኮሌስትሮልን የሚጨምር ቅባት ነው። ቅቤም እንደዚያው። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት ይሻላሉ። ዋጋቸው እንደሚከብድ አውቃለሁ። መጠኑ ሲቀንስ ግን ያው ብር የተሻለውን ትንሽ ሊገዛ ይችላል። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ይደፋ። ቅቤ ለሚወድ ቤት ደግሞ ወጡ ከወረደ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ላዩ ላይ ይደረግ። ሽታው ከላይ ስለሚቆይ ትንሹ ብዙ ይመስላል።

ደረጃ 5፦ ትሪውን አስተካክሉ

«ስኳር ስላለብኝ ጤፍ ተከለከልኩ» የሚሉ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል። ጤፍ ከነገለፈቱ የሚፈጭ እህል ነው። ከነጭ ፉርኖ ዱቄት ዳቦ የሚሻል እንጂ የሚያንስ አይደለም። ችግሩ ብዛቱ ነው። እንጀራ ከሩዝ ዱቄት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ስኳሩ ወደ ደም ቶሎ ይገባል።

እንጀራ በፍርፍር፣ እንጀራ በፓስታ፣ እንጀራ በድንች ወጥ መብላት ዱቄትን በዱቄት መብላት ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

ከዚህ ቀደም ሁለት እንጀራ የሚበላ ሰው አንድ ተኩል ይጀምር፤ የጎደለው ቦታ በጎመን፣ በቆስጣ፣ በጥቅል ጎመን፣ በቀይ ሥርና በሰላጣ ይሞላ። ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራና ባቄላ ይብዙ። የእነሱ አሰር ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ቅጠላ ቅጠሉ ደግሞ ፖታሲየም አለው፤ ኩላሊት ትርፍ ጨውን እንዲያወጣ ያግዛል።

ከሥር ተነጥፎ ወጥ የጠጣው እንጀራ ሁሉም የሚሻማበት ነው። ዘይቱና ጨውም የተጠራቀመው እዚያ ነው። ለስኳርና ለግፊት ሰው እሱን መተው ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

አትክልትና ፍራፍሬ ተደምረው በቀን 400 ግራም መሆን አለባቸው፤ በግምት አምስት እፍኝ። ድንች እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ይህን የማያሟሉት ከ100 ሰው 97 ያህሉ ነበሩ። በእኔ እምነት ከጨው ቀጥሎ ትልቁ ክፍተታችን ይህ ነው። ሙዝና ፓፓያ ለሕፃናትና ለታመመ ሰው ብቻ የሚገዙ አድርገን ይዘናቸዋል። ጎመን ደግሞ ዛሬም ከርካሾቹ አንዱ ነው፤ ሳይጠወልግ ትንሽ ብቻ በስሎ ሲወርድ ይጣፍጣል።

ደረጃ 6፦ የምትጠጡትን ቁጠሩ

አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። በአንድ ጠርሙስ የቀኑ 25 ግራም አለፈ። «አልኮል የለውም» ተብሎ ለልጅና ለነፍሰ ጡር የሚጋበዘው ማልትም ስኳር አለው። ጁስ ቤት ስፕሪስ ስታዙ «ስኳር ሳይገባ» በሉ።

ሻይ በቀን ሦስት ጊዜ በሁለት ማንኪያ 24 ግራም ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ስኳር ሲያንሰው ብዙም አይከፋም።

ቢራ፣ ጠጅ፣ ጠላ፣ አረቄ ሁሉም ግፊት ይጨምራሉ። ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ጾሙንና ፍስኩን አቅዱ

ጾም ሥጋና ቅቤን ከዓመቱ ብዙ ቀን ያስቀራል። ጥራጥሬና ጎመንን ያስቀድማል። ትልቅ በረከት ነው። ግን በዘይት የተንቦጫረቀ በያይነቱ፣ ፓስቲና ጥብስ ድንች የሚበላበት ጾም ያን ጥቅም ይበላዋል። ለአፍጥር የሚቀርበውም ሳምቡሳ እንዲሁ። በተምርና በሾርባ ተጀምሮ ሳምቡሳው በአንድ ቢቆም መልካም ነው።

ፋሲካ ላይ ከሁለት ወር ጾም ወጥቶ በአንድ ቀን ዶሮ፣ ክትፎና ጥሬ ሥጋ መደራረብ ለልብ ሕመምተኛ ከባድ ነው። አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ነገ አድርጉት። ቀይ ሥጋ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል፣ በስሎ ተመዝኖ፣ ባያልፍ ይመረጣል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ከሐኪም ሳይነጋገር እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ሆነ እስከ ማግሪብ አይጹም። ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የነፍስ አባቱን ወይም ሸኹንም ይጠይቅ። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው።

ደረጃ 8፦ ውጭ አገር ያላችሁ በምግቡ ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ

ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ ብዙም አይታይባቸውም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ በብዛት ታየ። ሰዎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው ምግቡና እንቅስቃሴው ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ላላችሁ ይኸው ነው።

እዚያ አብዛኛው ጨው የሚመጣው ከታሸገ ምግብ ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ሶዲየም በ2.5 ስታባዙት ጨው ይሆናል። 2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም 5 ግራም ጨው ነው። በ100 ግራም ምግብ ውስጥ ከ1.5 ግራም በላይ ጨው ካለ ብዙ ነው። እስራኤል ያላችሁ ሥራው ቀሎላችኋል፤ ከ2020 ጀምሮ ሶዲየም፣ ስኳር ወይም ጎጂ ቅባት የበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ቀይ ምልክት አለ።

ደረጃ 9፦ መድኃኒቱን ሳታቋርጡ እንደገና ተለኩ

ሽፈራው፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት ክኒን አይተኩም። ምግብ ላይ ይግቡ፤ ክኒኑም ይቀጥል። ግፊቱ ስለወረደ መድኃኒት ያቆመ ሰው በስትሮክ ሊመታ ይችላል። ግፊቱን ያወረደው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላልና።

ጨው ሲቀንስ ግፊት በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። የሦስት ወር ስኳርን የሚያሳየው የደም ምርመራ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ሁሉም ሰው ይለካ። ደብተሩን፣ የጨውና የዘይቱንም ቀናት ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። የክኒኑን መጠን የሚቀንሰው እሱ ነው።

እንጀራና ስኳር ስትቀንሱ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስደውን ሰው በተለይ ጠብቁት። መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ልቡ በፍጥነት ቢመታ ወይም ንግግሩ ቢዛባ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው አጠጡት። በሩብ ሰዓት ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ጤና ተቋም አድርሱት።